ጭምብሉን መልመድ፦ በእንቅልፍ ትንፋሻቸው ለሚቆራረጥ ወገኖቻችን የአጥቢያው ድርሻ

በመራዊ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



 እንደ እኔ ያለ ዲያቆን በአባቶች ፊት ሲቆም የተላከበትን ለማድረስ እንጂ ለማስተማር አይደለምና በዚሁ መንፈስ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በስብሰባዎቻችን ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የማነሣው በሪፖርቶቻችን ውስጥ ቦታ አግኝቶ የማያውቅ ጉዳይ ነው፤ እርሱም እንቅልፍ ነው። በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ሰዎች ለሕክምና የታዘዘላቸውን ጭምብል መልበስ እንዴት እንደሚለምዱ፣ እኛም በዚህ ምን ድርሻ እንዳለን እናያለን። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር፦ ጭምብሉ የሚጠቅመው በተለበሰበት ሌሊት ብቻ ነው፤ እንዲለበስ የሚያደርገውም የሕመምተኛው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡና የጎረቤቱ አያያዝ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ማንኮራፋት በእኛ ዘንድ የደኅና እንቅልፍ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። «እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የወሰደው!» እንላለን። ነገር ግን ኃይለኛው ማንኮራፋት በመካከሉ ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ ሰውየው እንደ ታነቀ ሰው ድንገት አጓርቶ ሲተነፍስ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዳንዱ ታፍኖ ይባንንና «ዱካክ ተጫነኝ» ይላል። ዱካክ የምንለው ሁሉ ይህ ሕመም ነው ማለት አይደለም፤ በየሌሊቱ ሲመላለስ ግን ሊመረመር ይገባዋል። ሐኪሞች ሕመሙን ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሠት የትንፋሽ መቆራረጥ ማለት ነው።

በሞተር ውኃ እየሳበ የሚያለማ ገበሬ ያንን ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ቱቦ ያውቀዋል። ውኃው እየገፋ ሲሄድ ቱቦው ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ተደፍጥጦ ይጣበቃል። የጉሮሮአችን መተላለፊያም እንዲሁ ለስላሳ ሥጋ ነው። ነቅተን ሳለን ጡንቻዎቹ ወጥረው ይይዙታል፤ ስንተኛ ይላላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ምላሱና ላንቃው ወደ ኋላ ወድቀው መንገዱን ይዘጉታል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎል ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፤ ሰውየው ተመልሶ ሲተኛ መንገዱ እንደገና ይዘጋል። እርሱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ከዚህ አንዱንም አያስታውስም።

ሐኪሞች ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየውን መቋረጥና መመናመን ይቆጥራሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በ7 ሰዓት እንቅልፍ 210 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ ያደረ ሰው ተኛ እንጂ አላረፈም። ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምት መዛባትና በተለምዶ ስትሮክ ከምንለው የአንጎል ምት ጋር ይያያዛል። ቀን በመሪ ላይ የሚያንቀላፋ ሾፌር ደግሞ አደጋው ለራሱ ብቻ አይደለም። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ቤተሰብ በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው የዓለም ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል።

ለመለየት የሚረዱ ስምንት ጥያቄዎች አሉ፤ ለአጥቢያም ይጠቅማሉ። በር ዘግቶም የሚሰማ ማንኮራፋት አለ ወይ? ቀን ቀን ድካምና እንቅልፍ ያስቸግራል ወይ? ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ? የደም ግፊት አለበት ወይ? ውፍረቱ ከመጠን ያለፈ ነው ወይ? ዕድሜው ከ50 በላይ ነው ወይ? አንገቱ ሲለካ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ወይ? ወንድ ነው ወይ? ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ለሐኪም መንገር ተገቢ ነው። ይህ ግን የወፍራም ወንዶች ሕመም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀጭን ገበሬም ይታመማል፤ ሴቶችም ይታመማሉ፤ በእነርሱ ላይ ብዙ ጊዜ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ይታያል። በሕፃናት ላይ ደግሞ አንዱ ዋና ምክንያት የቶንሲል ማበጥ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በስብሰባ የሚያንቀላፋውን ሽማግሌ፣ በዘብ ጥበቃ ላይ እንቅልፍ የሚጥለውን ሠራተኛ፣ በቅዳሴ ቆሞ የሚወዛወዘውን አገልጋይ «ሰነፍ» ለማለት እንቸኩላለን። ስንፍናም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመገሠጻችን በፊት ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ቤተሰቡን ብንጠይቅ ምንም አይጎድልብንም።

መሣሪያውና ጭምብሉ

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለከባዱ ሕመም ዋናው ሕክምና በአንገት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ በዚያ ማስተንፈስ ነበር። በ1972 ዓ.ም. በአውስትራልያ ሲድኒ ከተማ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም ሌላ መንገድ ሞከሩ። አየር በሚነፍስ ሞተር አማካይነት፣ በአፍንጫ ላይ በተጣበቀ ጭምብል፣ የማያቋርጥ መጠነኛ ግፊት ያለው አየር ወደ ጉሮሮ ላኩ። መጀመሪያ የታከመው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይታነቅ አደረ። ሥራው በሚቀጥለው ዓመት በላንሴት መጽሔት ታተመ። ዛሬ ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ የመጣው ከዚያ ነው። የያኔው ጭምብል በየሌሊቱ በማጣበቂያ ፊት ላይ የሚለጠፍ ነበር፤ የዛሬው ለስላሳና በማሰሪያ የሚያዝ ነው።

ግፊቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ ቀላል መለኪያ አለ። መቃ ወስዳችሁ ጫፉን በውኃ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር አጥልቃችሁ አረፋ እስኪወጣ ንፉ፤ ያ ግፊት 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይባላል። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ከ4 እስከ 20 ባለው መካከል ነው፤ ለማን ስንት እንደሚገባው የሚወስነው ሐኪም ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። በመሣሪያው የሚገባው ተራ የቤት አየር ነው፤ ኦክስጅን አይደለም። እኛ ፊት ላይ የሚደረግ ጭምብል ያየነው በሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ላይ ነውና ጭምብል ያደረገን ሰው ስናይ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ይመስለናል። የማውቃቸው አንድ አባት ውጭ አገር ያለች ልጃቸው በሐኪም ትእዛዝ መሣሪያውን ልካላቸው ሦስት ሌሊት ሞከሩና ወደ ሳጥኑ መለሱት። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ አይተውኝ ሊሞት ነው ብለው አለቀሱብኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው ግን ብልኅ ነበሩ። በቀን መሣሪያውን አውጥተው አስነሡትና አየሩን ሕፃናቱ በመዳፋቸው እንዲዳስሱት አደረጉ። ልጆቹ ሣቁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጭምብሉን ለአያታቸው የሚያቀብሉት እነርሱ ናቸው፤ እርሳቸውም ይለብሱታል።

ከጫማው የተማርነው

የጎጃም ሰው አንድን ነገር ለብሶ መልመድ ሕክምና እንደሚሆን ያውቃል። በቀይ አፈራችን ላይ በባዶ እግሩ የኖረው ወገናችን እግሩ እያበጠ በዝሆኔ ሲሠቃይ ብዙው ሰው እርግማን ነው ይል ነበር። በ1960ዎቹ በሀገራችን የሠሩት ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሕመሙ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን አጠኑ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም አወጡለት። መፍትሔው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ሆነ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም እንዲህ ያለው ቀላል የዕለት እንክብካቤ የሕመሙን ድንገተኛ ማገርሸት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በባዶ እግሩ ላደገ ሰው ጫማ መጀመሪያ እስር ቤት ነው፤ ይቆነጥጣል፣ ያልባል፣ ያሳፍራልም። የሚጠቅመው ግን በየቀኑ ያደረገውን ነው፤ ለክብረ በዓል ብቻ ያደረገው እግሩን ከአፈሩ አይጠብቅም። የሲፓፕ ጭምብልም እንደዚሁ ነው። መሣሪያው ጉሮሮውን አያድነውም፤ በተለበሰበት ሰዓት ክፍት አድርጎ ይይዘዋል እንጂ። ሳይለበስ በታደረበት ሌሊት ሕመሙ ይመለሳል።

እንዴት ይለመድ?

ልምዱ የሚጀመረው ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ ተኝቶ ሳይሆን ተቀምጦ ነው። ሰውየው ጭምብሉን ያለ ቱቦ ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ያድርገው፤ ሬድዮ ይስማ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ። ይህ ሲቀልለው ቱቦውን አያይዞ መሣሪያውን ያስነሣ፤ ማሰሪያውን ሳያስር ጭምብሉን በእጁ ይዞ በአፍንጫው ይተንፍስ። በፈለገ ጊዜ ማንሣት እንደሚችል ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ታስሮለት ጋደም ይበል፤ የቀትር እንቅልፍ ይሞክርበት። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሊቱ ይለፍ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ግፊቱን ከዝቅተኛው ጀምረው ቀስ በቀስ የሚያሳድጉበት ስልት አላቸው፤ ጤና ባለሙያው ያንን እንዲያስተካክልለት ይጠይቅ።

ማሰሪያው የሚለካው ተኝቶ፣ መሣሪያውም እየሠራ ነው፤ ተቀምጠው ያሰሩት ሲተኙ ይፈታል። አየር ወደ ዓይን የሚያፈስስ እንደ ሆነ አጥብቆ ከማሰር በፊት ጭምብሉን ከፊት ላይ ነቅሎ እንደገና ማስቀመጥ ይሻላል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ቆዳን ይልጣል፤ ብዙውን ጊዜም ፍሳሹን ያብሰዋል። በሌሊት ጨንቆት የጣለው ሰው ትንሽ ዐርፎ መልሶ ያድርገው፤ ሌሊቱን ሁሉ አይተወው። በአሜሪካ የሕክምና መድን የሚከፍሉ አካላት ለአጠቃቀም እንደ ዝቅተኛ መለኪያ የያዙት በሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከመቶ 70 በሚሆኑት ሌሊቶች፣ ማለት ከ30 ሌሊት በ21ዱ መልበስን ነው። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ በሚተኙበት ሰዓት ሁሉ መልበስ ይሻላል።

ይህ በተለይ ለእናንተ ለአባቶች ይሠራል። ሕመሙ በብዙዎች ላይ የሚበረታው ሕልም በሚበዛበት እንቅልፍ ነው፤ ያም ወደ ንጋት ይበዛል። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለሰዓታት ወይም ለኪዳን የተነሣ አገልጋይ ተመልሶ ጋደም ሲል ጭምብሉንም ይመልስ። ከማኅሌት አድሮ ቀን የሚተኛም ቀን ያድርገው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ ይበልጣሉ። በእነርሱ ያጸና ሰው ኋላም የመጽናቱ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ጎብኚ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ከአኗኗራችን ጋር ሲስማማ

በመመሪያ መጽሐፍ የማይገኙ፣ የእኛ የሆኑ ነገሮች አሉ። አንደኛው ጢም ነው። አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው ጭምብል በጢም ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ አየር ያፈስሳል። በአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚገባ ወይም አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ዓይነት አለና ካህናትና መነኮሳት ሲታዘዝላቸው ይህን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጋቢ ነው። በብርዱ ምክንያት ራሳችንን ተከናንበን እንተኛለን። በጭምብሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የተነፈሰው አየር የሚወጣባቸው ናቸውና በጋቢ መሸፈን የለባቸውም። ቱቦውን ግን ከጋቢው ሥር ማድረግ መልካም ነው፤ በብርድ ጊዜ በውስጡ ጤዛ እንዳይቋጥር ያደርጋል።

ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ጭምብሉን ማውለቅ ይገባል። ቤተሰቡም ይህን ይወቅ። በባትሪ የሚሠሩ አሉ፤ አየር ማርጠቢያው ክፍል ብዙ ኃይል ስለሚወስድ እርሱን ማጥፋት ባትሪውን ያቆየዋል። መብራት በሌለበት ሌሊት በጎን መተኛት ከምንም ይሻላል።

አራተኛው ውኃ ነው። ማርጠቢያው የሚፈልገው ዲስቲልድ የሚባለውን የተጣራ ውኃ ነው፤ በየቀኑም ይደፋል። ጸበሉን እንጠጣዋለን፣ እንጠመቅበታለን፤ በመሣሪያው ውስጥ ግን አይጨመርም፤ ማንኛውም የምንጭ ውኃ ዝቃጭ ይተውበታል። የተጣራ ውኃ ካልተገኘ ያለ ውኃ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። እርጥበቱ ጾምን ይነካ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አገልጋይ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ መልሱ የእኔ አይደለም።

አምስተኛው ከውጭ የሚላክ መሣሪያ ነው። ያገለገለ መሣሪያ ሲላክ በሌላ ሰው መጠን ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ሳያየው አይጀመር። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር ፊሊፕስ ኩባንያ በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ስላሠጋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን ከአገልግሎት ጠርቷል፤ ስለዚህ ዓይነቱንና ቁጥሩን ማጣራት ተገቢ ነው። በከፍታ ቦታ ለምንኖር መመሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ የሚለውንም ማንበብ ያስፈልጋል። ጭምብል ለሁለት ሰው አይሆንም፤ በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል።

መሣሪያ ለሌላቸውስ?

«ይህ የሀብታም ሕክምና ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከምእመናኖቻችን አብዛኞቹ መሣሪያውን አይገዙም፤ ምርመራውም ወደ ትልልቅ ከተሞች መሄድን፣ ገንዘብንና ቀንን ይጠይቃል። ነገር ግን ያለ ገንዘብ የሚደረግ አለ። በጀርባ ከመተኛት በጎን መተኛት ብዙዎችን ያቀልላቸዋል፤ በልብሱ ጀርባ ላይ የጨርቅ ኳስ ሰፍቶ መተኛት ሰውየው እንዳይገላበጥ ይረዳዋል። አረቄና ጠላ ጠጥቶ መተኛት የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላዋልና ማታ መተው ይገባል። ያለ ሐኪም የሚወሰድ የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ። ክብደቱ የበዛ ቢቀንስ ሕመሙ ይቀንሳል። የደም ግፊትን በቅርብ ጤና ጣቢያ ማስለካት ለሁሉም ይቻላል። የሚያንቀላፋ ሾፌር ደግሞ ሳይመረመር መሪ እንዳይዝ መምከር ነፍስ ማዳን ነው።

ከአጥቢያ ምን ይጠበቃል?

አባቶች ሆይ፣ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ለሐኪምና ለመድኃኒት የሚሰጠውን ክብር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ቤት ያድራሉ። ለጸበል የመጣ ሕመምተኛ ጭምብሉን ይዞ ቢመጣ «እምነት ጎደለው» አይባል፤ መሣሪያውን የሚሰካበት ቦታ ካለ ይሰጠው።

ከሰበካ ጉባኤያት የምለምነው ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ከበጎ አድራጎት ክፍላችሁ አንድ ሰው ስምንቱን ጥያቄዎች ይያዝ፤ አጠራጣሪውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ይምከር። ሁለተኛ፣ መሣሪያ የተሰጠው ሰው ባለበት ቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጎብኙ። «ማታ ለበስኸው ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «የት ላይ አስቸገረህ?» በሉ። የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ማሰሪያ፣ የደረቀ አፍ ወይም የተዘጋ አፍንጫ ነው፤ ይህን ለጤና ባለሙያው ማድረስ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሳቅን አስወግዱ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ ሀገራችን ሲገባ የፊት መሸፈኛ ለሁላችን እንግዳ ነበር፤ አባቶች ራሳቸው አድርገው ሲያሳዩ ምእመናን ተከተሉ። ይህም እንደዚያ ነው።

በየአጥቢያችን ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጭምብል ካለ፣ ከውጭ አገር የላከው ልጅ ሥራውን ፈጽሟል፤ ያዘዘው ሐኪምም ፈጽሟል። የቀረው ከመኝታ በፊት ያለችው አንዲት ሰዓት ናት፤ እርሷ ደግሞ የቤተሰብና የጎረቤት ሰዓት ናት። ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ እንዲህ ያለ ሳጥን ያለበትን ቤት አስቡ፤ በዚህ ሳምንትም ሄዳችሁ ጠይቁ።

የአባቶች ቡራኬ ይድረሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።